ደብሪቱ ያልተናገረቻት ቃል

ደብሪቱን የማያውቅ የፒያሳ ሰው ካለ፣ ወይ ለሰፈሩ አዲስ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ገባ ብሎ፣ ድሮ የአንድ ግሪክ ነጋዴ የጭፈራ ቤት የነበረ፣ ከአብዮቱ ወዲህ የቀበሌ አዳራሽ የሆነ ረጅም ቤት አለ። እዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊልም ሲታይ፣ ከሸራው ጎን ዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ ማይክራፎኑን እንደ ትኩስ በቆሎ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ የምትናገረው እሷ ነች። ፈረንጆቹ ምን እንደሚሉ ግን አታውቅም። አለማወቋን ደግሞ ሰው ሁሉ ያውቃል። አዳራሹ የሚሞላውም ለዚሁ ነው።

ወደ ማይክራፎኑ የመጣችው በመጥረጊያ በኩል ነው። ከመጥረጊያው በፊት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ነው የኖረችው። ዝምታው የተፈጥሮ እንዳይመስላችሁ፣ ተምራው ነው። ያደገችው በወይዘሮ አይናዲስ ግቢ ውስጥ ነው። አያቷ ገና ልጅ ሳለች ከደቡብ ተነድታ መጥታ ለግቢው ጌታ የተሸጠች ነበረች፤ ከየት እንደመጣች፣ እናቷ ምን ብላ ትጠራት እንደነበር ለማንም ሳትናገር ሞተች። የደብሪቱ እናት እዛው ወጥ ቤት ተወለደች፣ ደብሪቱም እዛው። ሰው መሸጥ መለወጥ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ግን የሰፈር ልጆች ሲጣሏት «የተገዛች ዘር» ይሏት ነበር። ያን ጊዜ ጉሮሮዋ ላይ አንዳች ነገር ይቆምና መልስ ታጣለች። ሌላ ስድብ ሲሆን በእጥፍ ትመልሳለች። ለዚህችኛዋ ግን እንኳን መልስ፣ ምራቅ አይወጣትም።

በግቢው ደንብ እንግዳ ባለበት ገረድ አትናገርም። ትመጣለች፣ ታቀርባለች፣ ግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች። ደብሪቱ ግድግዳ ተጠግታ ቆማ ምን ስትሠራ ኖረች ቢባል፣ ድምፅ ስትለቅም ነው። እሜቴ አይናዲስ «አንቺ ልጅ» ሲሉ እንዴት እንደሚጎትቱት፣ ዘወትር ለእንግድነት የሚመጡት ግራዝማች ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን እንዴት እንደሚጠርጉ፣ የንስሐ አባትየው ጠጅ ሲቀዳላቸው «ይበቃኛል» የሚሉት ብርሌው ከሞላ በኋላ እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ለቅማ ወጥ ቤት ትገባና ትዘረግፈዋለች። ወጥ ሠሪዋ በሳቅ ሽንኩርት ታሳርር ነበር።

ከዛ አብዮቱ መጣ። ትርፍ ቤት ተወረሰ። ትልቁ ቤት የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ፤ ለወይዘሮ አይናዲስ ከኋላ ካለችው የሠራተኞች ቤት አንዱ ክፍል ደረሳቸው። ሌላኛው ክፍል የደብሪቱ ነው። መሀላቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ። መጀመሪያ ሰሞን ደብሪቱን የጨነቃት የኑሮው መለወጥ አልነበረም፤ ምን ብላ እንደምትጠራቸው ነው። «እሜቴ» ማለት ተከልክሏል፣ በስማቸው ብቻ ልትጠራ ብትሞክር አፏ እምቢ አላት። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች ቆመው ሳለ ደንገጥ አለችና «ጓድ እሜቴ» አለቻቸው። በዚያው ቀረ። ወይዘሮዋም ስሙን ወደዱት መሰለኝ፣ «ጓድ» ብቻ የሚላቸውን ሰው ዞር ብለው አያዩም፣ «ጓድ እሜቴ» ሲባሉ ግን ወዬ ይላሉ።

ቀበሌው ደብሪቱን ለአዳራሹ ጽዳት ቀጠራት። ያኔ ፊልሙን በአማርኛ የሚያስረዳው ፍቅሬ የሚባል ቁም ነገረኛ ወጣት ነበር። ፍቅሬ አንድ ሰው ሸራው ላይ በሩን ከከፈተ «በሩን ከፈተ» ይላል፣ ከዘጋው «ዘጋው» ይላል። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ክፍለ ሀገር ሲላክ ያዘነ ሰው ትዝ አይለኝም። የዛን ቅዳሜ ፊልም አጫዋቹ ጋሽ ተክላይ ማሽኑን አስነሳ፤ ከአንድ ወዳጅ አገር የመጣ የትራክተር ፊልም ነው። አስረጂ የለም። ሁለት ገበሬዎች የቆመ ትራክተር አጠገብ ሆነው ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ አያልቅላቸውም። ሰው ማፏጨት ጀመረ። ደብሪቱ እንደ ልማዷ ግድግዳ ተጠግታ፣ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች። አጠገቧ ወዳለችው ሴትዮ ዘንበል አለችና፣ ይሄኛው ነዳጅ ቀድተሃል ወይ ይለዋል፣ ያኛው ኩፖኑ አልቆብኛል ይለዋል አለቻት። ሦስት ረድፍ ሳቀ። ወደ ኋላ ያሉት ምን አለች፣ ምን አለች ብለው ጮኹ። ጋሽ ተክላይ ከማሽኑ ክፍል ወርዶ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ማይክራፎኑን እጇ ላይ አስቀምጦላት ተመለሰ።

ድምጿ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ፣ አዳራሹን ዞሮ፣ ወደ ራሷ ጆሮ ሲመለስ ደነገጠች። የሌላ ሰው መሰላት። ከዛ ግን ሰው ዝም ብሎ እየሰማት እንደሆነ ገባት። አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም ሳይቀራት፣ እሷ ተናግራ ሌላው ዝም ያለበት የመጀመሪያ ቀን ይሄ ነበር። ከዛ ወዲያ ማይክራፎኑን ከእጇ የሚነጥቃት ሰው ሕይወቷን የሚነጥቃት ሆነ።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ ሰሞን ጋሽ ተክላይ አዲስ ፊልም ይዞ መጣ። አስቂኝ ነው፣ ግን ደግሞ ታሪካዊ ነው አለ። ፊልሙን ያዋሱት ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው በችኮላ የነገሩትን እሱም ደረጃ ላይ ቆሞ በችኮላ ነገራት። ድሮ፣ በሆነ አገር፣ አንዲት ልጅ ገበያ ላይ ለባርነት ተሸጠች። ቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ገባች። በምላሷና በብልጠቷ ከወጥ ቤት ወደ እልፍኝ፣ ከእልፍኝ ወደ ዙፋን ወጣች።

«መጨረሻ ላይ ትገዛለች» አላት።

«ደግሞ ሁለተኛ?» አለች ደብሪቱ ክፉኛ አዝና።

ጋሽ ተክላይ አማርኛው ትግርኛ ትግርኛ ስለሚል፣ ላላ የሚለውን ያጠብቃል፣ ጠበቅ የሚለውን ያላላል። የእሱ «ትገዛለች» ጠብቃ ነው የወጣችው፣ ልጅቷ እንደገና ገበያ ወጥታ የምትሸጥ አስመሰላት። አይ፣ አገሩን ነው፣ ሰዉን ነው፣ ብሎ በእጁ አዳራሹን ሁሉ ጠቅልሎ ሲያሳያት ገባት። ገባትና ሳቀች። ጠበቅ ስትል የተሸጠችው ልጅ፣ ላላ ስትል ባለ ዙፋኗ። ጽፈው ቢያዩዋት ደግሞ ያው አንድ ናት። ጋሽ ተክላይ በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ «ትገዛለች» ብሎ በትልቁ ጻፈባት።

አላፊ አግዳሚው እንደየፍላጎቱ አነበባት። ቄሱ አጥብቀው አነበቡና አዘኑ። ተማሪው አላልቶ አነበበና ግራ ቀኙን አየ። ከአትክልት ተራ ዘንቢል ተሸክሞ የሚወጣ አንድ ኩሊ ደግሞ ቆም ብሎ፣ ምን እንደምትገዛ አልተጻፈም እኮ፣ ቲማቲም ከሆነ እኛ ጋ ትምጣ ብሎ አለፈ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የሴቶች ማኅበር አባላት በግዴታ እንዲመጡ ታዘው ስለነበር ወይዘሮ አይናዲስም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊልሙ ተጀመረ። ልጅቷን ገበያ መሀል ድንጋይ ላይ አቆሟት። አንድ ቦርጫም ሰውዬ መጣና አፏን ከፍቶ ጥርሷን ይቆጥር ጀመር። ሰው ገና ከአሁኑ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል፣ ደብሪቱ ግን ዝም አለች። ያ ድሮ የሚያንቃት ነገር መጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ሸራው ላይ ሰውዬው አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ከድምፅ ማጉያው ግን የደብሪቱ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። ጋሽ ተክላይ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ብድግ አለ። ከዛ ልጅቷ ሰውዬውን ቀና ብላ አየችው፣ ደብሪቱም አብራት ቀና አለች።

«ቆጥረህ ጨረስክ? በል አሁን ያንተን ክፈትና እኔ ልቁጠርልህ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዛ በኋላ ማን ያቁማት። ለቤተ መንግሥቷ እመቤት የወይዘሮ አይናዲስን ድምፅ እንዳለ አወጣችላት፤ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ ሳይሰማ ተራመጂ፣ ግን ቶሎ ድረሺ» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ዞር ብሎ ሁለተኛውን ረድፍ አየ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። ለጦር አዛዡ የግራዝማቹን ጉሮሮ፣ ለጠንቋዩ የንስሐ አባትየውን ብርሌ ሰጠችው። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ዙፋኑ ላይ ወጣች። ዙፋኑ ከፍ ያለ ነው፣ እግሯ መሬት አይደርስም፤ እያወዛወዘች ተቀመጠችና ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ደብሪቱ ድምጿን ሰብሰብ አድርጋ፣ በኩራት፦

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ እገዛለሁ!»

ከወደ ኋላ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ድምፅ ተነሳ።

«የት ተገኝቶ? የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካለቀ ስንት ጊዜው።»

ሳቁ ገና ሳይነሳ ሌላው ቀጠለ፣ ትሰለፍ፣ እኛ ቀድመናት ቆመናል አለ። እግዜር ሲያመጣው ደግሞ ንግሥቲቱ ልክ በዛች ሰዓት ወደ ጎን ዞራ ግንባሯን ቋጠረች፣ የሰማች መሰለች። ሰው ወንበር እየደበደበ ሳቀ። ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር፣ ፊት ረድፍ ላይ፣ ዘገዬ። ብድግ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ጨለማ ነው፣ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። ከሸራው ጎን ማን እንደተቀመጠ ግን ይታወቃል።

ዘገዬ የሰፈሩ ልጅ ነው። በዛው አዳራሽ ደጅ የጨርቅ ኳስ ሲጫወት ደብሪቱ በጣሳ ውሃ ታጠጣው ነበር፤ ያኔ «እትዬ ደብሪቱ» ነበር የሚላት። አሁን የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። ካኪ ለብሷል፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ደርድሯል፣ ድምፁም ወፍሯል። ሰኞ ጠዋት እዛው አዳራሹ ኮሪደር ላይ ወዳለው ቢሮው አስጠራት። በሩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል።

«ጓድ ደብሪቱ፣ እገዛለሁ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ መቼ አልኩ ጓድ፣ እሷ ነች ያለችው።»

«እሷስ ምን ማለቷ ነው?»

«ቋንቋዋን አላውቀውም።»

አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ በእስክሪብቶ እየመታ ረጅም ነገር ተናገረ። ገዥ የሚባለው የወደቀው መደብ እንደሆነ፣ ሰፊው ሕዝብ እንደማይገዛና እንደማይገዛ፣ አንዱን ሲያላላ አንዱን ሲያጠብቅ ራሱም ተምታታበትና እንደገና ጀመረ። የስኳር ጉዳይ ደግሞ የሱቅ ጉዳይ እንጂ የፊልም ጉዳይ እንዳልሆነ። የሳቁ ወሬ ወደ ላይ መድረሱን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት፣ ጓድ ካሕሳይ የሚባሉ ተወካይ ፊልሙን ለማየት እንደሚመጡ። በመጨረሻ ወደ ነገሩ መጣ። ያቺ ቃል ጠብቃም ላልታም፣ በየትኛውም መልኳ ከዛ ማይክራፎን እንዳትወጣ።

«አንዴ ከተሰማች ማይክራፎኑን ታስረክቢያለሽ» አለ። ቀጥሎ በአገጩ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ድሮ የግሪኩ የወይን መጋዘን ወደነበረችው፣ አሁን ምን እንደሆነች ሁሉም አውቆ ማንም ወደማይጠራት ክፍል አመለከተ። «አንቺም እዛ ነሽ።»

የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ቀየረ። ቁርጥማት ይዞት ይሆናል፤ ደብሪቱ ግን ወደ ኋላ እየተራመደች ወጣች።

በዛ ሳምንት ደብሪቱ እየጠረገችም እየተራመደችም ቃል ስትፈልግ ከረመች። የተሸጠች ልጅ ሳይገዟት እንዴት ትሸጣለች? «ወሰዳት» ብትል ሌባ መሰለ። «በገንዘብ አመጣት» ብትል ደግሞ ልጅቷን ነውረኛ አስመሰለባት። ዙፋን ላይ ስትወጣስ? «ነገሠች» ብትል እሱ ከነጭራሹ ወህኒ ነው። «አስተዳደረች» የምትለውን ሞከረቻት፤ ቃሏ ረጅም ናት፣ ደብሪቱ ብላ ሳትጨርስ ንግሥቲቱ አፏን ዘግታ ወጥታለች። የፊልሙ ልብ እዛች አንዲት ቃል ላይ ነው፣ እሷ ከወጣች የሚቀረው የአንዲት ሴትዮ ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ውስጥ ለብቻዋ ስታጉተመትም ወይዘሮ አይናዲስ በግድግዳው በኩል ሰሟት። መጥተው በሯ ላይ ቆሙ፣ ምን ሆነሽ ነው አሏት። ነገረቻቸው። ሲሰሙ ቆዩና፣ እዛው በሩ ላይ ዱካ አስመጥተው ተቀመጡ።

«በኛ ቤት የማይባል ነገር ሲመጣ ማን ይናገረው ነበር?» አሉ። «እህም ነበር የምንለው። አንቺ ስትገቢ፣ ሰው ስለ ቤተ መንግሥት ወሬ ከጀመረ፣ እህም።»

ደብሪቱ ትዝ አላት። ሳህን ይዛ ስትገባ ሳሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር ነበር።

«አዬ ጓድ እሜቴ፣ እኔ የማልሰማ መስሏችሁ ነዋ።»

«ትሰሚ ነበር?»

«ሳሉ ነበር የሚነግረኝ። እሱ ባይኖር ኖሮ፣ እኔ ሳህኔን አስቀምጬ መውጣት ነበር ሐሳቤ።»

ወይዘሮ አይናዲስ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ስንት ዓመት ሙሉ በገዛ ሳላቸው ምን ምን እንዳሰሟት እያሰቡ ሳይሆን አይቀርም። ከዛ ሊሄዱ ብድግ አሉና መለስ ብለው፣ ደግሞ እኔ ቅዳሜ ዕለት እንዳወጣሽው አላንቋርርም፣ ትንሽ ቀጠን አድርጊው አሏት።

ቅዳሜ ደረሰ። ዘገዬ በገዛ እጁ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ «ጭቁኗ ድል አደረገች» ብሎ ጽፎባታል። ፀሐይ ሰሌዳዋን ስታደርቃት ግን የድሮዋ ቃል ከሥር ነጭ ሆና ብቅ አለች፤ ጭቁኗ ድል ያደረገችው ቃሏ ላይ ቆማ ነው የምትመስለው። ሰው ከባለፈው እጥፍ መጥቷል። የአብዮት ጥበቃው ለሚስቱ ሳይነግራት አልቀረም፣ ሚስቱ ደግሞ ውሃ የምትቀዳው ከሰፈሩ ቦኖ ነው፤ አንዲት ቃል መከልከሏን ያልሰማ አልነበረም። ሁሉም ደብሪቱ እንዴት እንደምትሆን ሊያይ ነው የመጣው።

ጓድ ካሕሳይ ከባድ ሰው ናቸው። አዳራሽ ውስጥም ጥቁር መነጽራቸውን አላወለቁም። ፊት ረድፍ ላይ ከዘገዬ ጎን ተቀመጡ፣ ይሳቁ ይቆጡ የሚያውቅ የለም። ደብሪቱ ዱካዋ ላይ ሆና ስታያቸው ዓይን በሌለው ፊት የታየች መሰላት። ማይክራፎኑን ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው።

ሸራው ላይ ገበያው መጣ። ቦርጫሙ ሰውዬ ልጅቷ አጠገብ ቆመ።

«ይህችን ልጅ ዛሬ...» አለች ደብሪቱ፣ እዛች ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። «እህም።»

የእውነት ጉንፋን ይሆን ብሎ ሰው ተያየ። ልጅቷን የሚሸጠው ነጋዴ መልስ ሰጠ።

«ካልእህምካት ዞር በልልኝ፣ ሌላ እህም ይመጣል።»

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ነች፣ ብቻዋን። ከዛ ሳቁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየዘለለ ሄደ። ደብሪቱ ሳሏን አላልታ አጥብቃ ታወጣዋለች፤ ሲያጥር ገበያ ነው፣ ሲረዝም ዙፋን ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። ቃሏን ብትላት አንዴ ተሰምታ ታልፍ ነበር። አሁን ግን ሰው በየልቡ ራሱ ይላታል፣ በየልቡ ያላትን ደግሞ እያንዳንዱ ወደፈለገበት ይወስዳታል። አንዱ ወደ ስኳሩ፣ አንዱ ወደ ወንበሩ። ወዴት ወዴት እንደሄደች አንዘርዝር፣ የገባው ገብቶታል። ዘገዬ አንገቱ ላብ በላብ ሆኗል። አንዴ ወደ ደብሪቱ፣ አንዴ ወደ ጥቁሩ መነጽር ያያል። አጥፊ እንዳይላት፣ ምን አጠፋች? ያቺን ቃል አልተናገረችም።

ልጅቷ ዙፋኑ ላይ ወጣች። እግሯን አወዛወዘች። ጣቷን ቀሰረች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ...» አለች ደብሪቱ።

እዚህ ላይ አልሳለችም። ማይክራፎኑን ከአፏ አራቀችና ሰዉን አየችው። አንድ ሁለት ትንፋሽ ያህል ምንም አልነበረም፣ ከጋሽ ተክላይ ማሽን መንኮራኩር ድምፅ በቀር። ከዛ አዳራሹ በሙሉ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ቄሱም ኩሊውም የሴቶች ማኅበርም፣ በአንድ ጉሮሮ፦

«እህም!»

ከሁሉ አርፍዳ፣ ለብቻዋ፣ ቀጠን ያለች አንዲት ሳል ከሁለተኛው ረድፍ ተሰማች።

መብራት በራ። ሳቁ በአንዴ ተቆረጠ፣ ሁሉም የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር። ጓድ ካሕሳይ ብድግ አሉ። ደብሪቱ ማይክራፎኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች። የወይን መጋዘኗ በር ታያት፤ ከዛ የባሰው ግን በሌላ ቅዳሜ መጥረጊያ ይዛ እዚህ ስትገባና ሌላ ሰው ማይክራፎኑን ይዞ «በሩን ከፈተ፣ በሩን ዘጋ» ሲል የምትሰማው ነው።

ጓድ ካሕሳይ ወደ ዘገዬ ዞሩ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚስለው?»

ዘገዬ አፉን ከፈተ። እንግዲህ እውነቱን ሊናገር ነው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳሉ የየትኛዋ ቃል ምትክ እንደሆነ ማስረዳት አለበት። ያቺን ቃል በገዛ አፉ፣ በተወካዩ ፊት ሊላት ነው። ቀጥሎ ማን ከለከላት ይባላል። እኔ። ለምን ከለከልካት? ቃሏ ስትባል ሰው ስለ ባዶው ሱቅና ወንበር ላይ ስለተቀመጡት ያስባል ብዬ። አሃ፣ አንተ እንደዛ ታስባለህ ማለት ነው? ዘገዬ መንገዱን እስከ መጨረሻው ሄዶ አየው፤ መጨረሻው ላይ ኮሪደሩ ነው፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ የግሪኩ መጋዘን።

«ጉንፋን ነው ጓድ» አለ። «በቀበሌያችን... ጉንፋን ገብቷል።»

ጓድ ካሕሳይ ደብሪቱን በጣታቸው ጠሯት። እንደምንም መጣች፣ እጅ ነሳች።

«አንቺንም ይዞሻል?»

«ከሁሉ የባሰ እኔን ነው የያዘኝ፣ ጓድ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጉንጫቸው ረጥቧል። በሳቅ ይሁን በእልህ፣ አጠገባቸው የነበሩት እስካሁን ይከራከሩበታል። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«መድኃኒት እንዳትወስጂ።»

ከዛ ቀና ብለው በትልቁ ድምፃቸው፣ ፊልሙ በከፍተኛው ሥር ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ እንዲዞር፣ አስረጂዋም አብራ እንድትሄድ፣ ጓድ ዘገዬ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊት ረድፍ እየተቀመጠ ኃላፊነቱን እንዲወስድ አዘዙ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወጡ።

ሰዉ እየተገፋፋ ከወጣ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ደብሪቱ የማይክራፎኑን ገመድ ክንዷ ላይ ትጠቀልላለች። ዘገዬ ፊት ረድፍ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በየቀበሌው እየሄደ ፊት ረድፍ ሊቀመጥ ነው፣ በየቀበሌው ያ ሁሉ ጉሮሮ ከኋላው ሊስል ነው፣ በየቀበሌው ደግሞ ምን ሆነው ነው የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ጉንፋን ስንት ቦታ ይገባል?

ቀስ ብሎ ተነስቶ መጣ። ድምፁ ቀጥኗል።

«እትዬ ደብሪቱ» አላት። «ቃሏን ብትያትስ? ፈቅጃለሁ። ሳሉ ይቅር፣ ዝም ብለሽ በያት።»

ደብሪቱ መጠቅለሏን አላቆመችም። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች፣ እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ አየችለት። ከአብዮቱ ወዲህ ጉዳይ ይዛ ቢሮ ለቢሮ ስትንከራተት የለቀመችውን ድምፅ አወጣችለት፤ ወፍራም፣ ያልቸኮለ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ድምፅ።

«ጥያቄህን ሰምተናል» አለችው። «ማመልከቻ ጻፍና ሰኞ ተመለስ።»